ሜዳው በቀን፣ ድግሱ በማታ፦ በሱዞው ከተማ ለፎቶ ታስቦ የተመረጠ የሠርግ ቦታ (የጉዳይ ጥናት)

ይህን ጉዳይ ለምን መዘገብኩት

ወደ ቻይና የመጣሁት ለትምህርት ነበር፤ ሥራ አግኝቼ ቀረሁ። አሁን ሠርግ አነሳለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛ ፎቶ አንሺነት። ሁለተኛ ፎቶ አንሺ ቦታ አይመርጥም። ቀብዱ ተከፍሎ፣ ዲኮሩ ታዝዞ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ይጠራና ባገኘው ብርሃን ይሠራል። በዚህ ሠርግ ግን ሙሽራው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ስለነበር ገና ምንም ሳይዙ አማከረኝ። ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ ሠርጉ ማታ አብሬያቸው ስለነበርኩ የተሳካውንም የከሸፈውንም በዓይኔ አይቻለሁ። የሰዎቹንና የቤቶቹን ስም ትቻለሁ።

ለአገራችን አንባቢ አንድ ነገር ማስቀደም ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ሙሽሮች በሠርጋቸው ዕለት ከሚዜዎቻቸው ጋር ወደ መናፈሻ ሄደው ይነሳሉ፤ አዳራሹ ቢጨልም እንኳ መናፈሻው ያካክሰዋል። ቻይና ውስጥ የቬሎ ፎቶ የሚነሳው ከሠርጉ ወራት ቀደም ብሎ፣ በስቱዲዮና በተመረጡ ውብ ቦታዎች ነው። በዕለቱ ወደ መናፈሻ መሄድ ብዙም የተለመደ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሙሽሪት ክፍል፣ የሙሽራው ቤት፣ ሆቴሉና አዳራሹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የዕለቱ ፎቶ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው ከ11 ወር ገደማ በፊት ቦታው በተመረጠበት ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መነሻው

ሙሽራው የሱዞው ተወላጅ ነው። ሱዞው ከሻንጋይ በስተ ምዕራብ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች፣ በቦዮቿና በጥንታዊ የአትክልት ስፍራዎቿ የታወቀች ከተማ ናት፤ የአትክልት ስፍራዎቿ ከ1997 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሙሽሪት ከቼንግዱ ናት። ቤተሰቧ ሩቅ ስለሆነ "ከአባቷ ቤት" የምትወጣው ከሆቴል ክፍል ነበር።

እንግዶቹ 260 ነበሩ። ቻይና ውስጥ ሆቴል ሒሳብ የሚያወጣው በሰው ሳይሆን በጠረጴዛ ነው፤ አንድ ክብ ጠረጴዛ 10 ሰው ይይዛል፣ እነሱም 26 ጠረጴዛ አስፈለጋቸው። ቀኑን የመረጡት የሙሽራው አያት ናቸው። የጨረቃ ዘመን መቁጠሪያውን ገልጠው በኦክቶበር ሦስተኛ ሳምንት (በእኛ በጥቅምት መጀመሪያ) አንድ ቅዳሜ ያዙ። የድግሱም ሰዓት 18:08፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ሆነ። 8 ቁጥር በቻይንኛ አነባበቡ ከሀብት ጋር ስለሚቀራረብ ሰዓቱም፣ የጠረጴዛው ዋጋም (5,888 ዩዋን) ስምንት አይለየውም። በቤይጂንግ በኩል ሥነ ሥርዓቱ ከቀትር በፊት ይፈጸማል፤ በሻንጋይና በሱዞው ግን ሠርግ የማታ ነው።

ሦስት ፍላጎቶች ነበሩ። ሙሽሪት በሣር ሜዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን ቃል ኪዳን መግባት ትፈልጋለች። የሙሽራው አባት እንግዳው ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ካልተቀመጠ አይሆንም ይላሉ፤ ለእሳቸው ከሁለት አዳራሽ በአንዱ የተቀመጠ ዘመድ የተገፋ ዘመድ ነው። አያት ደግሞ ሰዓቱ እንዲከበር ይፈልጋሉ።

ችግሩ

አገር ቤት ያደገ ሰው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እምብዛም ርቃ አትጠልቅም ብሎ ነው የሚያስበው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስብ ነበር። ሱዞው ውስጥ ፀሐይ በጁን ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በዲሴምበር 11 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። በተመረጠው ቀን ደግሞ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ከ20 ገደማ ነበር። ድግሱ 12 ሰዓት ከ8 ነው። 48 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሰማዩም ብርሃን አይሰጥም።

ይህን ማንም አላሰበውም፤ ምክንያቱም ቦታ የሚያሳዩ የሽያጭ ሠራተኞች ደንበኛን የሚጋብዙት በጠዋት፣ 4 ሰዓት ገደማ ነው። የሚያሳዩት ፎቶም በጠራ ፀሐይ የተነሳ ነው። ሙሽሪት የወደደችው ሜዳ በሠርጓ ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ይሆን ነበር።

ያየናቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው በጂንጂ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለ ትልቅ ሆቴል ነው። አዳራሹ 26 ጠረጴዛ ይችላል፤ መስኮት ግን የለውም። ኮርኒሱ 6.5 ሜትር ከፍታ አለው፤ ይህ ለመድረክ ጥሩ ነው። ቀለሙ ጥቁር ቡናማ በመሆኑ ግን ፍላሽ ወደ ላይ ቢተኮስ አይመለስም። ከመድረኩ ጀርባ ግዙፍ የኤልኢዲ ስክሪን ተሰቅሏል። ከፊት ሁለት ምሰሶዎች አሉ። በሆቴሉና በሐይቁ መካከል ጥሩ የሣር ሜዳ ተንጣሏል።

ሁለተኛው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከፒንግጂያንግ መንገድ ብዙም ሳይርቅ በአትክልት ስፍራ ዘይቤ የተሠራ ምግብ ቤት ነበር። እውነቱን ለመናገር ልቤ የቀረው እዚያ ነው። የሱዞው ቤት ነጭ ግድግዳና ጥቁር ጣሪያ አለው። ነጩ ግድግዳ ከሰማይ የሚወርደውን ብርሃን ተቀብሎ ለስላሳ አድርጎ ፊት ላይ ይመልሰዋል፤ ሺዩሄ የሚሉት ቀዩ ጥልፍ የሙሽሪት ልብስ እዚያ ፊት ሲቆም ጨርቁ ላይ ያለው ወርቃማ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ትልቁ ክፍሉ ግን የሚይዘው 12 ጠረጴዛ ብቻ ነው። አባትየው በር ላይ ቆመው ቆጠሩና ወጡ።

ሦስተኛው ለሠርግ ብቻ የተሠራ ማዕከል ነው። ዲኮሩ ቋሚ ነው፣ ጣሪያው መስታወት፣ በቀን በርካታ ሠርጎች ይስተናገዱበታል። በጠዋት ስናየው በብርሃን ተጥለቅልቋል። በተመሳሳይ ቀን ማታ ተመልሰን ስንገባ መስታወቱ እንደ ጥቁር መስተዋት ሆኖ እያንዳንዱን አምፖል፣ እኔንም ጭምር ያሳይ ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ ቀጣዩ ሙሽራ እየጠበቀ ሰው ተጣድፎ ሲወጣ አየን። ሙሽሪት ራሷ ተወችው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

*በሠርጉ ሰዓት መጎብኘት።* የሐይቁ ሆቴል አዳራሽ ሌላ ሠርግ በሌለበት ማታ፣ 12 ሰዓት ላይ ሄድን። ሠራተኞቹ የተለመደውን የድግስ መብራት እንዲያበሩ ጠየቅን። የሙሽራውን እህት መተላለፊያው መሃል አቆምኳትና አነሳሁ፦ ኤፍ 2.8፣ ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 6400። ይሄ ብርሃኑ አነስተኛ መሆኑን የሚናገር፣ የሚሠራ ግን የማይመች ቁጥር ነው። ስክሪኑ ሲበራ ከፊቷ ይልቅ ከጀርባዋ ያለው ደምቆ እሷ ጥላ ሆነች። ሹተሩን ወደ 1/500 ሳፈጥነው በስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ታዩ። ይህን ከሠርጉ ቀን በፊት ማወቃችን ትልቅ ነገር ነው፤ ከአዘጋጅ ድርጅቱ ጋር የስክሪኑ ድምቀት ወደ 30 በመቶ እንዲወርድ፣ ከፊት ነጭ መብራት በሁለቱም ጎን እንዲቆም ተስማማን።

*ሰዓቱን ራሱን መጠየቅ።* እዚህ ላይ ትምህርት ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሙሽሪትና ሙሽራው "የአያት ሰዓት አይነካም" ብለው ሜዳውን ትተውት ነበር። እኔ እንደ ባዕድ ሰው መጠየቅ አይከብደኝም፤ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ለአያቲቱ "እማማ፣ 12 ሰዓት ከ8 ላይ መፈጸም ያለበት የትኛው ነው?" አልኳቸው። እሳቸው ተገርመው "እሱማ የምግቡ ነው። እኔ የምጠብቀው ሰዓት ሙሽሪት በጠዋት የቤታችንን ደጃፍ የምትረግጥበትን ነው" አሉኝ። ለወራት ሁሉም የፈራው ደንብ ያን ያህል ጠባብ አልነበረም። ለሜዳው ሥነ ሥርዓት ሰዓት እንዲመርጡልን ስንለምናቸው ደስ ብሏቸው 16:08፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ8 ሰጡን። ፀሐይ ልትጠልቅ 70 ደቂቃ ያህል ሲቀራት ማለት ነው።

*ፀሐይን በየካቲት መለካት።* ሆቴሉን የያዝነው በኖቬምበር ነበር። ጥቅምትን ለማየት ዓመት መጠበቅ አይቻልም። ግን ፌብሩዋሪ 21 እና ኦክቶበር 20 ከዲሴምበር 21፣ ማለትም ቀኑ በጣም ከሚያጥርበት ዕለት፣ እኩል 62 ቀን ይርቃሉ፤ ፀሐይም በሁለቱ ቀናት ሰማይ ላይ የምትከተለው መንገድ ተመሳሳይ ነው። የሰዓቱ ቁጥር ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል ይዛነፋል፦ በፌብሩዋሪ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው። ስለዚህ በየካቲት 10 ሰዓት ከ37 ላይ ሜዳው ላይ ቆምን።

ያየነው ይህ ነው። ሆቴሉ ከሜዳው በስተ ምዕራብ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ሜዳው ሙሉ በሙሉ በሕንፃው ጥላ ውስጥ ነው። ይህ በራሱ መልካም ዜና ነው፤ እንግዳ ዓይኑን አይጨፍንም፣ ቬሎውም አያንጸባርቅም። ችግሩ ከሐይቁ ማዶ ያሉት ሕንፃዎች ገና ፀሐይ ላይ ናቸው። ሙሽሮቹ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ቢቆሙ ጀርባው ከፊታቸው በሁለት ስቶፕ ያህል (አራት እጥፍ ማለት ነው) ይደምቃል። መፍትሔው መተላለፊያውን 90 ዲግሪ ማዞር ነበር፤ ከሐይቁ ዳር ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድና ከሙሽሮቹ ጀርባ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፉት የካምፎር ዛፎች እንዲሆኑ። ካምፎር የሱዞው ከተማ ዛፍ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉ ለነጭ ቬሎ ጥሩ ጀርባ ይሆናል። ሙሽሪት ሐይቁን አጣሁ ብላ ቅር አላት። ከጎን ሲነሱ ሐይቁ እንደሚገባ በስልኬ አንስቼ አሳየኋት፤ እሺ አለች።

*የጠዋቱን ክፍሎች ማየት።* ሰው ሁሉ ስለ አዳራሽ ያወራል፤ ነገር ግን ዕንባውና ሳቁ ያለው በጠዋቱ ነው። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጥቶ በር ይዘጋበታል፣ ጥያቄ ይጠየቃል፣ ቀይ ፖስታ በበሩ ሥር ያስገባል፣ የተደበቀውን የሙሽሪት ጫማ ይፈልጋል። የእኛን ሠርግ የሚያውቅ በር ላይ መያዝ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ለዚህ ሆቴሉ ውስጥ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ ሰፋ ያለ ክፍል እንዲይዙ መከርኳቸው። ከመደበኛው ክፍል ዋጋው ብዙም አልራቀም።

በሙሽራው ቤት ደግሞ ለወላጆች ሻይ የሚቀርብበት ሶፋ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነበር፤ እንደዚያ ቢተው ሽማግሌዎቹ ጥቁር ምስል ይሆኑ ነበር። ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ተዛወረ። መስኮቱ ላይ ሊለጠፍ የነበረውን ትልቅ ቀይ "ድርብ ደስታ" የሚባል የወረቀት ጽሑፍም ከሶፋው በላይ እንዲለጠፍ ለመንኩ፤ መስኮት ላይ ሲሆን ብርሃን ይጋርዳል፣ የሚያልፈውንም ያቀላል።

*ነጩን ግድግዳ አለመተው።* የአሮጌው ከተማ ምግብ ቤት ለድግስ ባይሆንም፣ በኦገስት መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ለሁለት ሰዓት ተከፍሎት የቅድመ ሠርግ ፎቶው እዚያ ተነሳ። ከሁሉ ፎቶ የምወደው የዚያን ቀኑን ነው።

በዕለቱ የሆነው

ጠዋቱ እንዳሰብነው ሄደ። የክፍሉን ቢጫ አምፖሎች አጥፍተን በመስኮቱ ብርሃን ብቻ ሠራን፤ የሙሽሪት እናት ከቼንግዱ ያመጡትን የወርቅ አምባር ሲያጠልቁላት የእጃቸው ቆዳ እንኳ ይታያል። ሻዩም እንዲሁ። አያቲቱ ፅዋውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ቀና ሲሉ ያገኘሁትን ብርሃን ምንም ፍላሽ አይሰጠኝም ነበር።

ሜዳው በግማሽ ተሳካ። ብርሃኑና የመተላለፊያው አቅጣጫ ትክክል ነበሩ። ሰው ግን አልመጣም። 60 ወንበር ዘርግተን 10 ሰዓት ከ8 ሲሆን የተቀመጡት 25 ያህል ነበሩ። በሱዞው እንግዳ የሚጠራው ለእራት ነው፤ ጥሪው ላይ ሜዳው በትንሽ ፊደል ነበር የተጻፈው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ መንገዱ ይጨናነቃል። 20 ደቂቃ ጠበቅን። ባዶ ወንበሮቹን አንስተን የቀሩትን ወደ ፊት አጠጋጋን፤ ከቅርብ ሲነሳ ሙሉ ይመስላል፣ ከሩቅ ግን አያታልልም። የሐይቁ ነፋስም አያቲቱን ስላስቸገራቸው በመሃል ወደ ውስጥ ገቡ። ሰዓቱን የመረጡት እሳቸው ነበሩና እዚያ ቆመው ቢጨርሱ እወድ ነበር። ብርድ ልብስ ማሰብ ነበረብን።

ድሮኑ ጨርሶ አልተነሳም። ከ2024 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ የሚሠራው የቻይና ደንብ ድሮን ሁሉ እንዲመዘገብ፣ ቁጥጥር ባለበት ሰማይ ለመብረር ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያዝ ያዛል። ቪዲዮ ቀራጩ መሣሪያውን አስመዝግቧል፤ ፈቃዱን ግን አልጠየቀም። የተከፈለው ገንዘብ በከንቱ ቀረ።

በአዳራሹ የስክሪኑ ስምምነት ለመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ተከበረ። የሙሽሪት አባት እጇን ለሙሽራው ሲሰጡ ግን የመብራት ሠራተኛው ቀድሞ የተጫነውን ፕሮግራም ለቀቀው፤ የሚሽከረከሩት መብራቶች ተነሱ፣ የሦስቱም ፊት ወይን ጠጅ ሆነ። ስምምነቱን የተዋዋልነው ከድርጅቱ አስተባባሪ ጋር ነበር። መብራቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው በቀን ውል የመጣ ነው፤ ማንም አልነገረውም። የዚያ ቅጽበት ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ሆነው ነው የተሰጡት። ያምራሉ ይላሉ። እኔ ግን የአባትየውን ዓይን መቅላት በቀለም ማሳየት እፈልግ ነበር።

የመድረኩ መተላለፊያ 1.5 ሜትር ነበር። ቬሎው ከሁቺዩ ኮረብታ ሥር ካለው የታወቀ የሱዞው ቬሎ ገበያ የተገዛ፣ ረጅም ጅራት ያለው ስለነበር ጨርቁ ከሁለቱም ጠርዝ እየወረደ ሚዜዋን አስጨነቀ። በልኩ አንድ ጊዜ ተራምዳበት ቢሆን ኖሮ ይታወቅ ነበር።

ከእራቱ ጋር ሙሽሮቹ በየጠረጴዛው እየዞሩ ጽዋ ያነሳሉ፤ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ፎቶ ግዴታ ነው፣ ዘመድ የሚጠይቀውም ያንን ነው። ሁለት ጠረጴዛዎችን ወደ በሩ ገፍተን በመሃል አንድ ሜትር መንገድ ከፍተን ስለነበር እንቅስቃሴው ቀለለ። ነገር ግን 4 ቁጥር በቻይንኛ ከሞት ጋር ስለሚመሳሰል ሆቴሉ 4ን፣ 14ንና 24ን ዘልሎ ነበር የቆጠረው፤ የመጨረሻው ጠረጴዛ 29 ነው። የእኛ ዝርዝር እስከ 26 ነበር። ተደናግረን የሙሽራው አባት የሥራ ባልደረቦች የተቀመጡበትን አንድ ጠረጴዛ ሳናነሳ ቀረን። አባትየው በማግስቱ አስተውለውታል።

ከአዳራሹ በር ፊት ያለው የእንግዳ መመዝገቢያም ከጎረቤት አዳራሽ ጋር የጋራ ነበር። ያን ማታ ሌላ ሠርግ ስለነበር የሌላ ሙሽሮች ትልቅ ፎቶ በእኛ እንግዶች ጀርባ ገብቶ ይታያል።

ለሌላ ሠርግ የሚያገለግለው

ቦታን በጠዋት ጉብኝት መወሰን አይገባም። ቀኑ ከታወቀ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ይታወቃል፤ ቀብድ ከመክፈል በፊት ሁለቱን ማስተያየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቻይና ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሰዓት ስለምትጠቀም ደግሞ በሱዞው የሠራ ስሌት በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ባለችው ኡሩምቺ ላይ አይሠራም፤ እዚያ በዚያው ሳምንት ፀሐይ የምትጠልቀው ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው።

የቤተሰብ ደንብ ለፎቶ እንቅፋት ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ደንቡን ያወጡትን ሰው በአክብሮት መጠየቅ ያስፈልጋል። ወጣቶቹ በፍርሃት ያሰፉትን አዛውንቷ በአንድ ዓረፍተ ነገር አጠበቡት።

የሜዳ ሥነ ሥርዓት የሚያደርግ ሰው በጥሪው ላይ የሜዳውን ሰዓት በትልቁ ይጻፍ፤ ከዚያም ወንበሩን ከሚጠብቀው ሰው በግማሽ ይቀንስ፣ ሲመጡ መጨመር ይቀላል።

ሠርግ አዘጋጆች መድረክ መሪውን፣ ፎቶ አንሺውን፣ ቪዲዮ ቀራጩንና የሙሽሪት አስዋቢውን በቡድሃ ቤተ መቅደስ በር ላይ በሚቆሙት አራት ዘቦች ስም ይጠሯቸዋል። በዚህ ሠርግ ያጎደልነው አምስተኛው ነው፣ የመብራት ሠራተኛው። አሁን በምሠራበት ሁሉ ድግሱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድሜ እሱን ፈልጌ አገኛለሁ፤ ሙሽሪትን አባቷ የሚያስረክቡበትን ደቂቃ በወረቀት ጽፌ እሰጠዋለሁ፣ "እዚህ ላይ ነጭ ብቻ" ብዬ።

ከሆቴሉ ጋር በሚፈረመው ውል ላይ ደግሞ አራት ነገሮች ይጻፉ፦ በዚያው ማታ በጎረቤት አዳራሽ ሠርግ መኖር አለመኖሩ፣ ከውጭ ለሚመጡ ባለሙያዎች የሚጠየቀው የመግቢያ ክፍያ፣ ዲኮር ለመትከል አዳራሹ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚከፈት፣ እንዲሁም የጠረጴዛዎቹ ካርታ ከነቁጥራቸው። የመጨረሻውን ለፎቶ አንሺው ኮፒ አድርጎ መስጠት አይረሳ።